ሁለት ቢጫ ኪኒኖች

አምራቹ ቢለያይም ሜቶትሬክሴትና ፎሊክ አሲድ ብዙውን ጊዜ መልካቸው አንድ ነው፤ ቢጫ፣ ክብ፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ። ከፋርማሲ ሲወጡ በየከረጢታቸው ናቸው። ቤት ሲደርሱ ግን አንድ ጣሳ ውስጥ ይገናኛሉ። አንደኛው ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለውን የመገጣጠሚያ በሽታ እሳት የሚያዳፍን፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ብርቱ መድኃኒት ነው። ሌላው የብርቱውን ጉዳት የሚመክት ቫይታሚን ነው። ተቀያይረው ሜቶትሬክሴቱ በየቀኑ ከተዋጠ በቀናት ውስጥ አፍ ይላላጣል፣ መቅኒ ደም መሥራቱን ያቆማል፣ ሰው እስከ መሞት ይደርሳል። በትክክል የተዋጠ እንደሆነ ደግሞ ይኸው ኪኒን ሊቆለመም የነበረ ጣትን ለዓመታት ቀጥ አድርጎ ያቆያል።

ስለዚህ በሽታ ባሰብኩ ቁጥር የምመለሰው ወደዚህ ነጥብ ነው። ሰው መድኃኒቱን የሚተወው ብዙ ጊዜ ቀኑና ሰዓቱ ከኑሮው ጋር አልገጥም ሲለው ነው። ጾሙ፣ የገበያ ቀኑ፣ የመንገድ መዘጋቱ፣ ሰላቱ፣ ስግደቱ፣ የቡናው ሥርዓት፤ ከእነዚህ ጋር ያልታረቀ ኪኒን ጣሳው ውስጥ ይቀራል። ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ ይህን ዕርቅ የሚመለከት ነው።

«ብርድ ነው»

ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ መገጣጠሚያው የቆረጠመው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ፍርድ «ብርድ ነው» የሚል ነው። ቀጥሎ «ሪህ ነው» ይባላል፤ ሥጋ ተዉ፣ ዋግምት ታገሙ፣ ፍል ውሃ ግቡ ይባላል። ብርድ ሕመሙን ያባብሰው እንደሆነ እንጂ አያመጣውም። ሕመሙን የሚያመጣው የሰውነት መከላከያ ነው፤ መገጣጠሚያውን ከውስጥ ያለበሰውን ስስ ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይወጋዋል። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ከዚያም ልም አጥንቱንና አጥንቱን ይበላል። ይህ መበላት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ነው። የተበላ አጥንት ደግሞ በኪኒን አይመለስም። «ብርድ ነው» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ብዙ ሊያድን የሚችልበት ወቅት ያ ነውና።

ምልክቱ የራሱ ጠባይ አለው። ጠዋት ሲነሱ እጅ ድርቅ ይላል፤ ቁልፍ መቆለፍ፣ ነጠላ መቋጠር፣ ብርጭቆ መጨበጥ ያቅታል፤ ይህ ድርቀት ከ30 ደቂቃ አልፎ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ሥራ የሚያደክመው ጉልበት ሲንቀሳቀሱ ይብሳል፤ ይህኛው ግን ሲንቀሳቀሱ ይላላል። የሚያጠቃው ብዙ ጊዜ ግራና ቀኝን እኩል ነው። የጣት ሥሮችን፣ የጣት መካከለኛ አንጓዎችን፣ የእጅ አንጓንና የእግር ጣት ሥሮችን ይወዳል። ጥፍር አጠገብ ያለችውን የመጨረሻዋን አንጓ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋታል። ሰላምታ ሲሰጡ እጅን ጠበቅ አድርጎ መጨበጥ የሚያስጮህ ከሆነ ይህም ምልክት ነው።

ሪህ የሚባለው የዩሪክ አሲድ ሕመም ሌላ ነው። እሱ በአብዛኛው ወንዶችን፣ በአብዛኛው አውራ የእግር ጣትን፣ በአንድ ሌሊት ድንገት ይይዛል። ሩማቶይድ ግን ከወንድ ይልቅ ሴትን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል፤ ሥጋ በመተውም አይድንም። ሌላም የስም መምታታት አለ። ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ ቫልቭ የሚጎዳው ሩማቲክ የሚባለው በሽታ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጋለት ነው። ሩማቶይድን ያ መርፌ አይነካውም። የ45 ዓመት እናት ጣታቸው አብጦ፣ የዚያን የጉሮሮ ሕመም አሻራ የሚያሳየው ኤኤስኦ የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ብቻ በየወሩ መርፌ ሲወጉ ከኖሩ፣ በሽታው ያለ ከልካይ አጥንታቸውን ሲበላ ኖሯል ማለት ነው።

አርኤፍ የሚባለው የደም ምርመራም ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ከ10 ሕሙማን በ7 ወይም በ8ቱ ላይ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ በቀሩት ኔጌቲቭ ሆኖ በሽታው ግን አለ። በሌላ በኩል ቲቢና ሌሎች ሕመሞችም ፖዘቲቭ ያደርጉታል። አንቲ ሲሲፒ የሚባለው ከእሱ ይልቅ ይታመናል። ያም ሆኖ የእጁን እብጠት በጣቱ ዳስሶ የሚያይ ሐኪም ከወረቀቱ ይበልጣል።

በሳምንት አንድ ቀን

ሜቶትሬክሴት ባለ 2.5 ሚሊ ግራም ፍሬ ሆኖ ይሰጣል፤ ባለ 10 ሚሊ ግራምም አለ። ብዙ ሐኪሞች ከ3 እስከ 6 ባለ 2.5 ፍሬ ይጀምሩና እንደ አስፈላጊነቱ እስከ 20 ወይም 25 ሚሊ ግራም ያደርሱታል። የአንድ ሳምንቱ ፍሬ ሁሉ የሚዋጠው በአንድ ቀን ነው። ስለዚህ ከፋርማሲው መስኮት ሳትነሱ ቁጠሩ። የታዘዘላችሁ በሳምንት 4 ፍሬ ከሆነ ለ4 ሳምንት 16 ፍሬ ነው። ከረጢቱ ውስጥ 30 ወይም 120 ካገኛችሁ አንድ ሰው «በቀን» ብሎ አንብቦታል ማለት ነውና መልሳችሁ ጠይቁ። ባለ 2.5 ይወስድ የነበረ ሰው ባለ 10 ተሰጥቶት በፊት የለመደውን ያህል ፍሬ ከዋጠ አራት እጥፍ ወሰደ። ከረጢቱ ላይ ባለሙያው ቀኑን በስም እንዲጽፍ አድርጉ፤ «በሳምንት 1 ጊዜ» ከሚል ይልቅ «ቅዳሜ ማታ ብቻ» የሚል አያሳስትም። ማንበብ ለማይችሉ እናት ሜቶትሬክሴቱን በጥቁር ክር በታሰረ ከረጢት፣ ፎሊክ አሲዱን በነጭ ክር ማስቀመጥ ይበቃል። አንድ ጣሳ ውስጥ ግን ፈጽሞ አይገናኙ።

ቀኑን መምረጥ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ ብዙ ሰው ላይ ማግስቱን ማቅለሽለሽና ድካም ይጥላል። ስለዚህ ማታ፣ ከራት በኋላ፣ በማግስቱ ከባድ ሥራ በሌለበት ቀን ዋዜማ መዋጥ ይመረጣል። ባቲ ሰኞ ገበያ የሚውል ሰው እሑድ ማታ ቢውጠው ሰኞን በፀሐይ እያቅለሸለሸው ሊውል ነው፤ ሰኞ ማታ ከገበያ ሲመለስ ቢያደርገው ማክሰኞን ያርፋል፤ ገበያውም ቀኑን አያስረሳውም። ረቡዕንና ዓርብን የሚጾም ሰው ማክሰኞና ሐሙስ ማታን ባይመርጥ ጥሩ ነው፤ ማግስቱን ባዶ ሆድና ማቅለሽለሽ ይገናኛሉ። አንድ ጊዜ የተመረጠ ቀን አይቀያየር። ቀኑ ያለፈ እንደሆነ እስከ 2 ቀን ድረስ መዋጥ ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ያን ሳምንት ትቶ በመደበኛው ቀን መቀጠል ነው። «ያለፈውን ላካክስ» ብሎ እጥፍ መዋጥ የለም።

ማቅለሽለሹ የጠና ከሆነ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት የሚሞከር ነገር አለ። የሳምንቱን መጠን እዚያው ቀን ላይ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን ጠዋት ግማሹን ማታ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት መዋጥ ይረዳል። ዝንጅብል ሻይም ይረዳል። ሐኪሙ የማስመለሻ ማስታገሻ ሊጨምር ወይም መድኃኒቱን ከቆዳ ሥር በሚሰጥ መርፌ ሊለውጠው ይችላል፤ መርፌው ጨጓራን ስለሚዘል ብዙ ሰው ይገላግላል።

ፎሊክ አሲዱ ቅንጦት አይደለም። ብዙ ጊዜ ባለ 5 ሚሊ ግራም አንድ ፍሬ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሜቶትሬክሴቱ በማይዋጥበት ቀን ይታዘዛል፤ በየቀኑ 1 ሚሊ ግራም የሚያዝም አለ። ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ከብረት ጋር የተቀላቀለው ኪኒን 0.4 ሚሊ ግራም ብቻ ስለያዘ «ያው ፎሊክ ነው» ተብሎ በሳምንት አንዱን በአንዱ መተካት አይቻልም። አፍ መቁሰልና ፀጉር መሳሳት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ፎሊክ አሲዱ በርግጥ እየተዋጠ ነው?» የሚል መሆን አለበት። ለአፍ ቁስል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ መጉመጥመጥ፣ አዋዜውንና በርበሬውን እስኪድን መተው ነው። ቁስሉ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ግን፣ ወይም ድድ ከደማ፣ ወይም ሰውነት ላይ ምክንያት የሌለው ብልዝ ከታየ፣ ያን ቀን መድኃኒቱ ቆሞ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የጉበት ቫይረሶች ቢና ሲ፣ ኤችአይቪ፣ የኩላሊት ምርመራና የደረት ራጅ መታየት አለባቸው። ከጀመረ በኋላ የደም ሴል ቆጠራ፣ ኤኤልቲና ኤኤስቲ የሚባሉት የጉበት ምርመራዎች፣ ክሬያቲኒን የሚባለው የኩላሊት ምርመራ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ፣ ከዚያ በየ3 ወሩ ይደረጋሉ። ነጭ የደም ሴል ከ3,500 በታች ከወረደ፣ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ከ140,000 በታች ከሆነ፣ ኤኤልቲ ከ100 ካለፈ የሚቀጥለውን መጠን ከመዋጥ በፊት ሐኪም ማማከር ግድ ነው። የውጤት ወረቀቶቹን አትጣሉ። አንዱ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ወደ ታች እየወረደ መሆኑ የሚታየው ሦስት አራቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። በስልክ ፎቶ ማንሳትም ይበቃል።

ሁለት ነገሮች ከሁሉ በላይ ያሳስቡኛል። አንደኛው ኮትሪሞክሳዞል፣ ብዙ ሰው ባክትሪም ብሎ የሚያውቀው፣ ለተቅማጥም ለሽንት ቧንቧም በቀላሉ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲገናኝ ሁለቱም በአንድ መንገድ መቅኒውን ይመቱታል፤ ይህ ጥምረት ሰው ገድሏል። ሁለተኛው ተቅማጥና ትውከት ራሱ ነው። ሰውነት ውሃ ሲያጣ ኩላሊት መድኃኒቱን ማስወጣት ያቅተዋል፤ ትናንት ትክክል የነበረው መጠን ዛሬ መርዝ ይሆናል። ትኩሳት፣ ብርቱ ተቅማጥ ወይም አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ኢንፌክሽን ባለበት ሳምንት ሜቶትሬክሴቱ ይዘለላል። አንድ ሳምንት መዝለል በሽታውን አያስነሳም። አዲስ የሆነ ደረቅ ሳል ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣም መድኃኒቱ ሳንባ ላይ የሚያመጣው ችግር ሊሆን ስለሚችል ቆሞ መመርመር አለበት። ከሚሴ፣ መርሳ ወይም ቆቦ ያለ ሰው ትኩሳት ሲይዘው የወባ ምርመራውን አያዘግይ።

ጠላና አረቄ ጉበቱ ላይ ይደመራሉ። ማኅበርና ዝክር ላይ ብርሌውን የሚያስተላልፍ ሰው ሐኪሙ እንደከለከለው ደፍሮ ይናገር፤ ቤተ ዘመድ ይረዳል። ስለ ጥቁር አዝሙድ፣ ስለ ፌጦ፣ ስለ ሬት የሚጠይቀኝ ካለ፣ ለወጥና ለሻይ የሚገባው መጠን አንድ ነገር ነው፣ እየተቀጠቀጠ በማንኪያ የሚወሰደው ሌላ ነገር ነው እላለሁ። ጉበቱ በየ3 ወሩ የሚለካ ሰው የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ ቢናገር ቁጥሩ ሲዛባ ምክንያቱን መለየት ይቻላል።

ልትወልድ የምታስብ ሴት ከሁሉ በፊት ይህን ትወቅ። ሜቶትሬክሴት ጽንስ ያበላሻል፣ ያስወርዳል። ቢያንስ 3 ወር አስቀድሞ መቆም አለበት፤ እስከዚያ ድረስ አስተማማኝ መከላከያ ያስፈልጋል። ጡት እያጠቡም አይወሰድም። ይህ ማለት ግን አርግዛ አትወልድም ማለት አይደለም። ለዚሁ በሽታ የሚሰጡት ሌሎቹ መድኃኒቶች፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ሰልፋሳላዚንና አነስተኛ መጠን ያለው ፕሬድኒሶሎን፣ በእርግዝና ጊዜ ሊቀጥሉ የሚችሉ ናቸው። በእርግዝናው ወራት በሽታው ብዙ ሴቶች ላይ ይበርዳል፤ ከወለዱ በኋላ ባሉት ወራት ግን ተመልሶ ስለሚነሳ፣ አራስ ቤቱ ሕፃኑን የሚያቅፍ ተጨማሪ ክንድ እንዲኖረው ቀድሞ ማሰብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሜቶትሬክሴት ሥራውን ለማሳየት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። በ3ኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው የሚያቆሙ ሰዎች የመድኃኒቱን ጉዳት ከፍለው ጥቅሙን ሳያዩ የሄዱ ናቸው።

ፊት ሲሞላ

በእነዚያ ሳምንታት ድልድይ የሚሆነው ስቴሮይድ ከሚባሉት እብጠት አብራጅ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፕሬድኒሶሎን ነው። 5 ሚሊ ግራም ወይም 10 ሚሊ ግራም ጠዋት ከቁርስ ጋር ሲወሰድ አንዳንዴ በማግስቱ እጅ ይፈታል። ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል። ፈጥኖ ስለሚያሽር ሰው ይወደዋል፤ ያለ ማዘዣም ገዝቶ ይቀጥልበታል። አደጋው እዚህ ነው። ወራት ሲቆይ ፊት ይሞላል፣ ሆድ ይገፋል፣ ስኳርና ደም ግፊት ይወጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ዓይን ላይ ሞራ ይወጣል። «ወፍረሽ አማረብሽ፣ ተስማምቶሻል» የሚላት ጎረቤት ክፉ አላሰበም፤ ፊቷን የሞላው ግን ጤና ሳይሆን ስቴሮይድ ነው። በብዙ አገሮች «ባህላዊ» ተብለው ለቁርጥማት በሚሸጡ ዱቄቶች ውስጥ የተፈጨ ስቴሮይድ ተገኝቷል። ስሙ ያልተጻፈበት ዱቄት በሁለት ቀን ተአምር ከሠራ ሊጠረጠር የሚገባው ለዚህ ነው።

ከ3 ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ማቆም የለበትም። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ፕሬድኒሶሎን የተካውን የሰውነት ሆርሞን መሥራት ትተው ተኝተዋል፤ ኪኒኑ ድንገት ሲቀር ሰውነት ባዶ እጁን ይቀራል፤ ድካም፣ ትውከት፣ የደም ግፊት መውረድ ይመጣል። የሚቀነሰው በየ2 ወይም በየ4 ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት፣ ለምሳሌ በ2.5 ሚሊ ግራም፣ ሐኪሙ ባወጣው ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ወረቀት ላይ ይጻፍ እንጂ በቃል አይያዝ። ትውከት ኪኒኑን አላስቀምጥ ካለ ሆስፒታል ሄዶ በመርፌ መውሰድ ያስፈልጋል።

ስቴሮይድ ትኩሳትን ይደብቃል፣ የተኛ ቲቢንም ይቀሰቅሳል። 2 ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ አክታ ያስመረምራል። አንድ ጎን ብቻ ይዞ በመስመር የሚወጣ የሚያቃጥል ውሃ ቋጠሮ፣ ሰው አልማዝ ባለጭራ የሚለው፣ በ3 ቀን ውስጥ ሐኪም ዘንድ ከደረሰ በመድኃኒት ይቀላል። ዋግምትና በምላጭ መብጣት በዚህ ጊዜ የሚያስፈራኝም ለዚሁ ነው፤ መከላከያው የደከመ ሰው ቁስል ቶሎ ያመረቅዛል።

ጾሙና ሆዱ

ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን ሕመሙን ያስታግሳሉ እንጂ አጥንቱን አያድኑም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መውሰድ ጥቅም ሳይጨምር ጨጓራውንና ኩላሊቱን ብቻ ይጎዳል። ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲደመሩ የጨጓራ መድማት አደጋ ይባዛል። በተለይ ዕድሜ ለገፋ ሰው የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት መጨመር አለበት። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደም ነው፤ ቀን አይሰጥም።

ጾም እስከ 9 ሰዓት ወይም እስከ ፀሐይ መግቢያ ሆድ ባዶ ያደርጋል፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ አንዱ ቤት ሲጾም ሌላው ጎረቤት ያፈጥራል። በረመዳን ፕሬድኒሶሎኑና ኦሜፕራዞሉ ለሱሁር፣ ኦሜፕራዞሉ ቀደም ብሎ፤ ሜቶትሬክሴቱ በተመረጠው ሌሊት ከኢፍጣርና ከጥሩ ውሃ በኋላ፤ በቀን ሁለቴ የሚወሰደው ሰልፋሳላዚን አንዱ ለኢፍጣር አንዱ ለሱሁር ይመደባል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ዳይክሎፌናክ መውሰድ ኩላሊት ይጎዳልና በዚያ ወር ሐኪሙ በፓራሲታሞል ቢተካው ይሻላል። በዐቢይ ጾም ጠዋት ፕሬድኒሶሎን ያለበት ሰው ከምግብ ጋር መውሰድ እንዳለበት ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ የጾም ምግብ ጠዋት መብላት ከመጾም ሙሉ በሙሉ የተለየ አይደለም፤ ብዙ አባቶችም ለታመመ ያቀልላሉ። በእስልምናም ለበሽተኛ የተሰጠው ፈቃድ የታወቀ ነው። ማንም ሳያማክር ኪኒኑን ትቶ የሚጾም ሰው ግን ከፋሲካ ወይም ከዒድ በኋላ ያበጠ ጉልበት ይዞ ይመጣል። ወተት በሌለበት ወር ጎመንና ጤፍ ካልሲየም ይሰጣሉ፤ ሽሮና ምስር ጡንቻ ይጠብቃሉ።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ባለ 200 ሚሊ ግራም ሲሆን መጠኑ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ5 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ 40 ኪሎ የሆነች ሴት ከአንድ ፍሬ በላይ አያስፈልጋትም። ለረጅም ዓመት ሲወሰድ የዓይን መጋረጃን ሊጎዳ ስለሚችል መጀመሪያ ላይ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ዓይን ይታያል። ከወባ መድኃኒት ዘር ቢሆንም ቆላ ላይ ከወባ ይከላከልልኛል ብሎ መተማመን አይገባም። ሰልፋሳላዚን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ አይጎዳም። ለሰልፋ አለርጂ ላለበት ግን አይሰጥም።

እጅ፣ አንገት፣ ጉልበት

መድኃኒቱ ግማሽ መንገድ ነው። የቀረው ጣትን ከማይገባው ጭነት ማዳን ነው። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ በአራት ጣት ተንጠልጥሎ ሲመጣ ያ ሁሉ ክብደት የጣት ሥሮችን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አራት ጊዜ ማመላለስ ወይም ጀርባ ላይ ማዘል ይሻላል። ልብስ ሲታጠብ በእጅ ከመጠምዘዝ ይልቅ ቧንቧ ወይም ግንድ ላይ ጠምጥሞ መጎተት ነው። ጀበናውን በአንድ እጅ አንገቱን ይዞ ከማንሳት ሌላው እጅ በጨርቅ ከሥር ይደግፈው። የማማሰያው፣ የቢላዋውና የዘነዘናው እጀታ ጨርቅ ተጠምጥሞበት ሲወፍር ጭብጡ ይላላል። እንጀራ በአንድ ቀን 30 ከመጋገር በሁለት ቀን 15፣ 15 ማድረግ ይቻላል። ቡናውን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል ድረስ እንደ ወጉ መጠጣት ይቻላል፤ መውቀጡን ግን ልጅ ያግዝ። ሰው ቤት ቡና ላይ «አብሽሪ» የምትል ጎረቤት ሙቀጫውንም ብትቀበል መልካም ነው።

ጠዋት እጅን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ነክሮ ቀስ እያሉ ጣትን መጨበጥና መዘርጋት፣ አሥር አሥር ጊዜ፣ የጠዋቱን ድርቀት ያሳጥረዋል። ለፈጅር ውዱእ ውሃውን ማሞቅ እንጂ በደሴ ቀዝቃዛ ውሃ መጀመር አያስፈልግም። ሱጁድም ስግደትም የእጅ አንጓን ወደ ኋላ አጥፎ ክብደት ያሳርፍበታል፤ የእግር ጣቶችንም ያጥፋል። ባበጠበት ሳምንት ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ፣ ቤተ ክርስቲያን በጉልበት ሳይወርዱ ራስን ዝቅ ማድረግ፣ መቋሚያውን በብብት ሳይሆን በሁለት መዳፍ መያዝ ይረዳል። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም መውጣት የሚሻ ሰው ሕመሙ በበረደበት ዓመት ይውጣ፤ የአምባሰል ቁልቁለት ላበጠ ቁርጭምጭሚት አይሆንም።

ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ያቃናል ይባል ይሆናል፤ ያበጠ ሩማቶይድ ማሸት ግን እሳት ላይ ዘይት ነው። አንገት ላይ ደግሞ ነገሩ የከፋ ነው። ለዓመታት የቆየ በሽታ የላይኞቹን ሁለት የአንገት አጥንቶች ማሰሪያ ሊያላላ ይችላል፤ አንገት የሚያዞር ወጌሻ ወይም ፀጉር አስተካካይ የሰረሰር ሕብለ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። የአንገት ሕመም ከእጅ መደንዘዝ ወይም ከእግር መስነፍ ጋር ከመጣ ማንም አይንካው፤ ራጅ ይነሳ። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለና ከቀላ፣ ትኩሳትም ካለ፣ ያ የተለመደው መነሳት ላይሆን ይችላል፤ መግል ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን በመርፌ ተቀድቶ መታየት አለበት።

መንገዱ ሲዘጋ

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁሉ ባዶ እጁን ቀርቷል። ከዚያ ወዲህም የደላንታ ወይም የመቅደላ ሰው ደሴ መድረሱ በመንገዱ ሁኔታ ላይ የተንጠለጠለበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የ4 ሳምንት ትርፍ መያዝ፣ አሮጌውን ቀድሞ መጠቀም፣ ከፀሐይና ከጭስ ርቆ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። መድኃኒት ሊያልቅ ሲል ሁሉም እኩል አያስቸኩልም። ሜቶትሬክሴት ጥቂት ሳምንት ቢቀር በሽታው ቀስ ብሎ ይነሳል እንጂ በዚያው ቀን የሚመጣ አደጋ የለውም። ፎሊክ አሲድ ካለቀ ግን ሜቶትሬክሴቱን ብቻውን ከመቀጠል በፊት ባለሙያ ይጠየቅ። ፕሬድኒሶሎን ከሁሉ ይቀድማል፤ ለሳምንት የሚሆን ብቻ ሲቀር ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱን መፈለግ፣ ካልተገኘም ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ሄዶ በድንገት እንዳይቋረጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከመድኃኒቱ በተጨማሪ አንድ ወረቀት ኪስ ውስጥ ይኑር፤ ሕሊናውን የሳተ ሰው መናገር ስለማይችል፣ ተረኛው ጤና ባለሙያም ስለማያውቀው። የሚጻፈው ይህን ያህል ነው፦

«ሩማቶይድ አርትራይተስ አለብኝ። ሜቶትሬክሴት ____ ፍሬ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ____ ማታ። ፎሊክ አሲድ በ____ ቀን። ፕሬድኒሶሎን ____ ሚሊ ግራም በየጠዋቱ፤ በድንገት አይቋረጥ። ኮትሪሞክሳዞል አይሰጠኝ። መጨረሻ የደም ምርመራ ያደረግሁት ____።»